አክስቴ ለሠርጌ የሞቱ ዕለት

ሾፌሩ ገና ከመሐል ሜዳ ከተማ ሳንወጣ ቁርጡን ነገረን። «ሠርገኛ ከሆናችሁ አልወስዳችሁም። ለቀስተኛ ከሆናችሁ ግቡ።»

ሙሽራው እኔ ነኝ። ሱፍ ለብሻለሁ፣ ጫማዬን አስጠርጌያለሁ፣ አሥራ አንድ አጃቢ ከኋላዬ ቆሟል፤ ይሄ ሰውዬ ለቀስተኛ ሁን ይለኛል። ደሜ ፈላ። «ኮንትራት የያዝንህ ለሠርግ አይደለም እንዴ?» አልኩት። እሱ ግን አልተቆጣም። በዚያ መንገድ ሚኒባስ እየነዳ እስካሁን የቆየ ሰው በቀላሉ አይቆጣም።

«ወንድሜ፣ ጎረምሳ ጭኖ እየጨፈረ የሚሄድ መኪና ሲያይ ሁሉም ይጠረጥራል» አለኝ። «ጥሎሽም ይዛችኋል፣ ወርቅ አለ። ለቀስተኛን ግን እነዚህም ያሳልፉታል፣ እነዚያም ያሳልፉታል። ለቅሶ የሚሄድ ሰው መንካት ነውር ነው።»

እነዚህና እነዚያ እነማን እንደሆኑ ያን ሰሞን በእኛ አገር አይጠየቅም ነበር። መንገዱ ጠዋት የአንዱ ሆኖ ይውልና ከሰዓት የሌላው ይሆናል። ሾፌሩም የራሱ ሕግ ነበረው። ከሦስት ሰዓት በፊት አይነሳም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አይገኝም። ገበያተኛ የማይታይበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ከፊት የሚመጣ መኪና አግኝቶ ካልጠየቀ ድልድይ አይሻገርም። የተሳፋሪ ስልክ ሁሉ ተዘግቶ አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ከረጢቱ እሱ ወንበር ሥር ይቀመጣል። ኬላ ላይ ስልኩ የጮኸበት ሰው ብዙ ይጠየቃላ።

እኔ የምከራከርበት ጊዜ አልነበረኝም። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፣ እሁድ ቅበላ ነው፣ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሙሽራዬ ዓለም ከተማ አስተማሪ ናት። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ሽማግሌ ብልክ ሁለት ጊዜ «ልጄን መንገድ ለሌለው አገር አልሰጥም» ብለው መልሰውብኛል። በሦስተኛው እሺ ሲሉም ቃል አስገቡኝ። ከጾም በፊት መጥቼ ካልወሰድኳት ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። «ዛሬ አንተ እኔ ዘንድ መድረስ ካቃተህ፣ ነገ እሷ እኔን ልትጠይቅ በየት በኩል ትመጣለች?» አሉኝ።

«እሺ፣ ለቀስተኛ ነን» አልኩት ሾፌሩን።

«ማን ነው የሞተው?» አለኝ።

ይሄንን አላሰብንበትም ነበር። ተያየን። ሾፌሩ ትዕግሥቱ አላለቀም፤ ሟቹ ስም ያስፈልገዋል፣ ሰፈር ያስፈልገዋል፣ በምን እንደሞተም መታወቅ አለበት፣ አለን። ከየትም ያመጣችሁትን ስም ብትጠሩ በዚያ አገር ሁሉም ይተዋወቃል፣ ትያዛላችሁ፣ አለን። ሚዜዬ አያቱን ሊገድል አፉን ከከፈተ በኋላ አፈረና ዘጋው። ከመሃላችን ደፍሮ የራሱን ሰው የሚሰጥ ጠፋ።

«እኔን ግደሉኝ» አሉ አክስቴ።

አክስቴ የአባቴ እህት ናቸው፣ ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። አርባ ዓመት ዓለም ከተማ ኖረው የልምድ አዋላጅ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲደክም ነው ወደኛ የመጡት። «ኧረ እትዬ፣ ሟርት ነው» አልናቸው። «የምን ሟርት አመጣችሁ» አሉ። «ስሜን ቆላው ሁሉ ያውቀዋል። የድሮ ጎረቤቶቿን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ድንገት አረፈች በሉ። የምሞተው እኔ፣ እናንተን ምን ጨነቃችሁ?»

እንዲህ ሆኖ ሞቱ። ሱፌን በጋቢ ሸፈንኩት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ፣ እንሶስላ የሞቁ እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። ቬሎውና ወርቁ ገብስ በተሞላ ኬሻ ውስጥ ተቀበረ። አክስቴ የሟች እህት ሆነው፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ።

ዘመሮ የምትባለውን ከተማ እስክናልፍ ልቅሶ ስንለማመድ ነበር፤ አስተማሪያችን ሟቿ ራሳቸው ናቸው። የማንም ልቅሶ አላስደሰታቸውም። «አንተ፣ ለአህያም እንዲህ አይለቀስም» ይሉታል ሚዜዬን። «ስምንት መንታ ያዋለደች ሴት ናት የሞተችው፣ ከሆድህ አውጣው እንጂ።» እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፤ ስፈራ ሳቄ ይመጣል። በሥራዬ የበግ ሐኪም ነኝ፤ ተዋጊ ሙክት ሲያሯሩጠኝ እንኳ እየሳቅኩ ነው የምሮጠው። ያን ቀን ፍርሃቱም ደስታውም ተደራርቦብኝ ከመሐል ሜዳ ጀምሮ ሆዴን ይዤ ነበር።

መንገዱ ከደጋው ወርዶ ድልድዩ ጋ ሊደርስ ሲል ድንጋይ ተደርድሮ፣ ገመድ ተወጥሮ አገኘነው። አምስት ታጣቂዎች ናቸው። አንዱ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ጺማም፣ በሩን ከፍቶ አንድ በአንድ አየን።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ» አለ ሾፌሩ።

«የማን?»

ሚዜዬ የአክስቴን ስም ከነሰፈራቸው ተናገረ። የጺማሙ ፊት ተለዋወጠ። «አዋላጇ?» አለ። ሚዜዬ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጎማው ላይ አስደገፈና እዚያው ቆሞ አለቀሰ። እኛ ተለማምደን ያቃተን ልቅሶ እሱ ዘንድ ነበር። «እኔን ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው» አለን። «እናቴ ሁሌ ትነግረኛለች። ስወለድ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ እሳቸው ባይደርሱልን እሷም እኔም አንተርፍም ነበር።»

ከአጠገቤ፣ ከነጠላ ሥር፣ ቀስ ያለ ድምፅ ሰማሁ። «በመቀመጫው ነው የመጣው» አሉ አክስቴ።

አለቀልኝ። ጋቢዬ ውስጥ ተደፋሁ፤ ሳቄን ጨርቅ ነክሼ ባፍነው ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ አጋለጠኝ። ጺማሙ አዘነልኝ። ገብቶ አቀፈኝና «አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» እያለ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እሱ ባባበለኝ ቁጥር ይብስብኛል፤ እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ነበር፣ ማን ይጠረጥረኛል። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሮ «እማማ፣ እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አላቸው። «እህቷ ነኝ» አሉ። «እግዜር ያጽናዎት» ሲላቸው ሙሾውን አወረዱት። እጇ ቀላል ነበር አሉ፣ ደግ ነበረች አሉ፣ ድሃ ከሀብታም አትለይም ነበር አሉ፤ የልጅነት መልከ መልካምነቷንም አልረሱም። በአርባ ዓመት ማንም ያልነገራቸውን ምስጋና ሁሉ ለራሳቸው ሰጡ። ታጣቂዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ገመዱም ተፈታ።

መኪናው ሲነሳ ዞሬ ሳይ ጺማሙ ከመንገዱ በላይ ያለ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ይፈልግ ነበር። አክስቴም ዞረው አዩት። «ደግ ልጅ ወጣው» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ሳቁን አምቆ ኖሯል። ዓለም ከተማ እስክንደርስ በሹክሹክታ ዘፈንን፣ በሹክሹክታ እልል አልን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሙሽራዬ ቤት ጋ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ዳሱ ተጥሏል። ከዳሱ ውስጥ ግን ዋይታ ይሰማል። የእውነት ዋይታ። አባቷ ናቸው ብዬ አሰብኩ፣ ቀጥሎ እሷ ናት ብዬ አሰብኩ። ጋቢዬን ጥዬ ሮጥኩ።

ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራዬ ሹሩባዋን እንደተሠራች ዓይኗ አብጧል፤ ደህና ናት። መሪጌታም ዳዊታቸውን ይዘው ቆመዋል። ሲያዩኝ መጡና ትከሻዬን ያዙኝ። «ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። «የአክስትህን ነገር ሰማን። ስልካችሁ ሁሉ ዝግ ሆነብን። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሐዘን ላይ ሠርግ አይሆንም። ከነገ ወዲያ ደግሞ ጾም ነው።» የቀረውን አልጨረሱትም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ለካ ጺማሙ ለእናቱ ደውሏል፣ እናቱ ለጎረቤት ነግራለች፣ አክስቴ ያዋለዷቸው ሰዎች የሟችን ቤት ቢፈልጉ ሲያጡ የወንድማቸው ልጅ ወደሚያገባት ሙሽራ ቤት ጎርፈዋል። መንገድ እንዲያስከፍትልን የዋሸነው ውሸት ቀድሞን ደርሶ ሠርጌን አፍርሶት ጠበቀኝ። ሁሉንም ልናገር አፌን ስከፍት ሳቅ ወጣ። ፈርቼ ነው፣ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ዳሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴት «ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣበት» ብላ ጠበል ረጨችኝ።

በዚህ መሃል አክስቴ መኪና ውስጥ መቀመጡ ሰልችቷቸው በዱላቸው እየተደገፉ ገቡ። «ወንበር ስጡኝ እስቲ፣ ጉልበቴ አለቀ» አሉ።

ግማሹ ሰው ተነሥቶ አማተበ፣ ግማሹ በዳሱ ጀርባ ወጣ፣ አንድ እንስራ ጠላ ተገለበጠ። አክስቴ ወንበራቸውን ራሳቸው ስበው ተቀመጡና ዙሪያውን ቃኙ። «ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው?» አሉ። ከሴቶቹ አንዷን በዱላቸው ጠቆሙ። «እሷ እንኳን መጣች? አሥር ዓመት አኩርፋኝ አልነበር?» ደስ እንዳላቸው ያስታውቃል።

ነገሩን ለመሪጌታ ያስረዳው ሾፌሩ ነው። እሳቸው ዳዊታቸውን አጥፈው ሰሙት፤ እኔ አፋቸውን አፋቸውን አያለሁ። ሙሽራዬ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች፣ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አይታወቅም። በመጨረሻ መሪጌታ «በሞት ዋሽታችኋል፣ ይሄ ኃጢአት ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «መጥተሃል ግን» አሉኝ። «እንግዲህ ቅዳሜ አይሰገድም ቢባልም፣ እያንዳንዳችሁ አርባ አንድ ስግደት። አሁን፣ እህል ሳትቀምሱ።»

በሱፍ ሰገድን። የሚዜዬ ሱሪ በአሥረኛው ተቀደደ። ቆጣሪዋ ሙሽራዬ ናት፤ ሠላሳ ላይ ስንደርስ ጠፋብኝ ብላ ወደ ሃያ መለሰችን፣ ዓይኗ ግን እየሳቀ ነበር። አክስቴ «እኔስ?» ቢሉ፣ መሪጌታ «እርስዎ ሞተዋል፣ አይመለከትዎትም» አሏቸው። ወዲያው ጠላ እንዲቀዳ አዘዙ። ሠርጉ ነገ እንደሚሆን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ግንባሬ መሬት ላይ እንዳለ ሳቅኩ፣ ይሄኛው የፍርሃት አልነበረም።

ጨርሼ ላቤን ስጠርግ አንዲት ሴት አክስቴ እግር ሥር ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ አየሁ። ስንመጣ ከሁሉም በላይ ስታለቅስ የሰማኋት እሷን ነበር። የጺማሙ እናት ናት።

«እትዬ» ትላቸዋለች፣ «ልጄ ጠመንጃ ይዞ ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር። ዛሬ የእርስዎን መርዶ ሊነግረኝ ደወለ። እማዬ ብሎ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ሰዉ ሁሉ ለእርስዎ የማለቅስ መሰለው።»

አክስቴ እጃቸውን ጉንጯ ላይ አደረጉ። «አይቼዋለሁ» አሏት። «ደህና ነው። ጺም አውጥቷል። ጀርባው ሰፍቷል።»

«አልሞቱም ልለው ስደውል ዝግ ነው» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ሳቀች፤ በእንባዋ መሃል፣ ከልቧ። «እትዬ፣ እባክዎ ለፋሲካም አንዴ ይሙቱልኝ።»

አክስቴም ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። «እሺ ልጄ» አሏት፣ «እሞትልሻለሁ።» ሴትዮዋ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ አየችውና መልሳ አስገባችው።