ከሐጂ ፍራሽ ግርጌ ያስቀመጥኩት ሰርቨር

ጅቡቲ ውስጥ እኩለ ቀን ካለፈ ሥራ የሚባል ነገር የለም። ጫቱ ከድሬዳዋ ይገባል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ከተማው እስከ አስር ሰዓት ጭር ይላል። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ የነበረው የእኛ ትራንዚት ቢሮም እንደዚያው ነበር።

ባለቤቱ የድሬዳዋ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። መብራት ውድ ነው ብለው፣ ቢሮው ሲዘጋ ዘበኛው ኤሲውን በሙሉ እንዲያጠፋ አዘዋል። የሰርቨሩን ክፍልም ጭምር! በዚያ የሐምሌ ሙቀት ሰርቨሩ እየጋለ ይወድቃል፣ ከሰዓት ስንመለስ ሥራው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀናል። የኮምፒውተር ሠራተኛቸው እኔ ነኝና ስንቴ ለመንኳቸው፤ ብረት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሙቀት የሚፈራው ብለው ሳቁብኝ።

ፍዳዋን የምታየው መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። ዕቃ ከወደብ የሚወጣበትን ወረቀት አትማ ለሾፌሮች ትሰጣለች። መኪናቸውን ከከተማው ውጭ፣ ፔካ 12 የሚባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ ፀሐይ ላይ አቁመው የመጡት ሾፌሮች ይጮሁባታል፤ ሐጂም ኮምፒውተሩን የምታበላሸው እሷ ትመስላቸዋለች። ልጅቷ ዓመታት ሰው ቤት ሠርታ፣ ፈረንሳይኛውን እዚያው ለምዳ ነው እዚህ የደረሰችው። ያኔ የምትተኛው ማድ ቤት ወለል ላይ እንደነበር ነግራኛለች። አንድ ቀን ሐጂ፣ ይሄ ነገር ከተደገመ ወደ መጣሽበት ትመለሻለሽ አሏት።

እሳቸውን ማሳመን ካቃተኝ ሌላ መላ መፈለግ ነበረብኝ። ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ሰርቨር አወጣሁ። የቢሮው ፕሮግራም የሚሠራው በቨርቹዋል ሰርቨር ነው፤ የራሱ አካል የሌለው፣ ብረቱ ሳጥን ውስጥ በደባልነት የሚኖር ኮምፒውተር በሉት። መንትያውን አሮጌው ሳጥን ውስጥ ፈጠርኩ፣ ሥራው ሁሉ ወደ እሱም እንዲገለበጥ አደረግኩ፣ ለሁለቱ አንድ የጋራ አድራሻ ሰጠሁ። የመጀመሪያው ዝም ሲል አድራሻውን ሁለተኛው ይረከባል። ስሞክረው መጀመሪያ እምቢ አለኝ። ለካ ሁለተኛው አድራሻውን ቢወስድም ኔትወርኩ የድሮውን እያስታወሰ ወደ ሞተው ይልካል! ሲረከብ፣ ከእንግዲህ ባለአድራሻው እኔ ነኝ ብሎ እንዲለፍፍ አደረግኩትና ሠራ።

ግን የት ይቀመጥ? ከሰዓት ኤሲው የማይጠፋበት ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ ሐጂ ራሳቸው ጫት የሚቅሙበት። ምርቃናዬን ሊያጠፋብኝ ነው ብለው አጉረመረሙ። ድምፁ አይሰማም ብዬ ምዬ ተገዝቼ ከፍራሻቸው ግርጌ አስቀመጥኩት።

እውነትም አይሰማም ነበር፣ ሥራ እስኪበዛበት። አንድ ቀን ቢሮው ከሰዓት እንደተከፈተ ሐጂ ጉንጫቸውን እንደወጠሩ ወጡ። ያ ብረትህ እንደ ጄኔሬተር እየጮኸ ነው አሉኝ። ገብቼ አየሁ፤ ዋናው ወድቋል፣ ይሄኛው ተረክቧል።

"ሐጂ፣ ሰርቨሩ ኤሲው ሲጠፋ በሙቀት ሞቷል" አልኳቸው። "ሁልጊዜም የሚገድለው ሙቀት ነው። እሷ የለችበትም።"

በመስታወቱ አሻግረው አዩ። ሾፌሮቹ ተሰልፈዋል፣ እሷ እያተመች ትሰጣለች፣ የሚጮህ የለም። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እሷ ሄዱ። ልጅቷ የወደቀ ነገር መኖሩን እንኳ አታውቅም። ሐጂ በዚያ ሰዓት ከበርጫ ተነስተው ወደ እሷ ሲመጡ ስታይ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ብድግ አለችና ቦርሳዋን ከወንበሩ ሥር አነሳች።

ሐጂ ክው አሉ።

"ቁጭ በይ ልጄ፤ ሥራሽን ሥሪ" አሏት።

ተቀመጠች። እስክንዘጋ ድረስ ግን ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አላወረደችም።