ስልሳ ግራም ዩሪያ

እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ከስኳሩ የሚብስባት ግን ግትርነቷ ነው፤ ለእሱ መርፌ አልተሠራለትም። ያለቻት አንድ እህት ዓለም ጤና ላይ ማረፏ በተነገረን ጠዋት ነጠላዋን ዘቅዝቃ በር ላይ ቆመች።

«ቀብሯን ደርሰን ማታውኑ እንመለስ» አልኳት።

«እርሜን ሳላወጣ የትም አልመለስም። እስከ ሣልስት እዚያው ነኝ።»

ችግሩ መድኃኒቱ ነበር። ናዝሬት ላይ ከትናንት ማታ ጀምሮ መብራት የለም፤ ፍሪጃችን ቁም ሣጥን ሆኗል፣ በረዶ ያለው ሱቅም አላገኘሁም። የአክስቴ ቤት ደግሞ ድሮም ፍሪጅ የለውም። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በዚያ ሙቀት ውስጥ አክርሞ መውጋት ውኃ እንደ መውጋት ነው። ስኳሯ ሽቅብ ሲወጣ ምን እንደምትሆን አንዴ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አያሳየኝ።

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ዩሪያ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል፣ ውኃውም ይቀዘቅዛል። ለተማሪዎቼ ማሳያ ብዬ ያመጣሁት፣ ገበሬው ሽንኩርቱ ላይ የሚበትነው ያው ነጭ ማዳበሪያ፣ ቤት ውስጥ ነበረኝ። ወረቀት አወጣሁ። ስልሳ ግራም ዩሪያ አንድ ሞል ነው፤ ሲሟሟ አሥራ አምስት ኪሎ ጁል ገደማ ይውጣል። ግፊቱ ስለማይለወጥ የሚውጠው ሙቀት ራሱ፣ መጽሐፉ ኤንታልፒ የሚለው የሙቀት ይዘት ለውጥ ነው። ሁለት መቶ ግራም ውኃ ውስጥ ሲጨመር አሥራ አራት ዲግሪ ያህል ያወርዳል። ከሃያ አምስት ላይ አሥራ አራት ሲነሳ አሥራ አንድ። ፍሪጅ በለው!

«እማዬ፣ ተገላገልን!» ብዬ ጮኽኩ።

ከዚያ ቴርሞሜትሩን ሳየው ሠላሳ ሁለት ይላል። ወይ እኔ! የመጽሐፉ ጥያቄ ሁሉ «የክፍሉ ሙቀት ሃያ አምስት ዲግሪ ቢሆን» እያለ ስለሚጀምር እጄ ሳላዘው ሃያ አምስት ጽፏል። የማን ክፍል ነው ሃያ አምስት? በሚያዝያ፣ ናዝሬት ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር? እየተነጫነጭኩ እንደገና ቀነስኩ። አሥራ ስምንት ወጣ። ይሁን፣ እሱም ይበቃል።

እናቴ ከበሩ ሆና ስታየኝ ቆይታ፣ «ማዳበሪያ ከመድኃኒቴ ጋር? እኔን ሽንኩርት አደረግሽኝ?» አለች።

«አይነካካም እማዬ። ብልቃጡ ለብቻው ደረቅ ላስቲክ ውስጥ ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችኝ። ግን የበጠበጥኩበትን ፌስታል ነካ አድርጋ እጇን ሰበሰበች። «ውይ! እውነትም በረዶ ነው።»

ብልቃጡንና ፌስታሉን ሙቀት በማያስገባው የምሳ ዕቃዬ ከትቼ በፎጣ ጠቀለልኩት። በየተራ የሚበጠበጥ ደረቅ ዩሪያም መዝኜ ያዝኩ። ሚኒባሱ ውስጥ በየጊዜው ክዳኑን እየከፈትኩ ዲግሪ ሳነብ ረዳቱ አላስችል አለው፦ «እህቴ፣ ምሳውን ብትበይው አይሻልም?» እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በለሆሳስ እህቷን ትጠራለች። እኔ እቆጥራለሁ። ቆቃን ስናልፍ ሃያ አንድ ደርሶ ነበር።

ዓለም ጤና ስንደርስ እናቴ ገና ከመንገዱ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጎረቤቶቹ በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ሴኒ»፣ ነይ ግቢ እያሉ ክንዷን ደግፈው አስገቧት። እኔ የምሳ ዕቃዬን አቅፌ በጓሮ ዞርኩ። ያቺ አክስቴ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እዚያ ቤት ውስጥ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ግን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም፤ ቀዝቃዛ ጥግ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ጓዳ ውስጥ አልጋ ሥር አገኘሁ። አዲስ ፌስታል በጥብጬ ቀየርኩና አሮጌውን ልደፋ ወጣሁ።

ስመለስ የምሳ ዕቃው ተከፍቷል። ፌስታሉ የለም፤ ብልቃጡ አልጋው ላይ ተጥሎ በመስኮት የገባች ፀሐይ አርፋበታለች። ቆሽቴ አረረ።

«ማነው የነካው?» ብዬ ሳሎኑን በጩኸት ሞላሁት። ሐዘን ቤት መሆኑም ጠፍቶኛል።

እናቴ መሬት በተዘረጋው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የአክስቴ ልጅ፣ ከንጋት ጀምሮ ስትጮኽ ቆይታ ራሷን የሳተችው፣ ጭንቅላቷን እናቴ ጭን ላይ አድርጋ ተዘርራለች። ፌስታሌ ግንባሯ ላይ ነው።

«እማዬ! እሱ እኮ የአንቺ ነው! ስንት ሰዓት እንደሚያቆይሽ አስልቼ ነው የሠራሁት!»

«አውቃለሁ፣ ለእኔ አስልተሻል» አለች ቀና ሳትል። «ለእሷስ?»

«መድኃኒቱ ከተበላሸ ዛሬውኑ እመልስሻለሁ! ሣልስት ብሎ ነገር የለም!»

ፌስታሉን ግንባሯ ላይ አስተካከለችላት። የአክስቴ ልጅ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «እማ እኮ ሄደች» አለችኝ፤ ገና ያልነገሩኝ ይመስል።

 ተመልሼ ብልቃጡን ዳበስኩት፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ጎተራው አጠገብ ለሽንኩርቱ የተቀመጠ የዩሪያ ጆንያ ነበር። አልመዘንኩም። በእፍኜ ዘግኜ ሁለት ፌስታል በጠበጥኩ፤ ብርዱ እጄን እስኪያደነዝዘኝ። አንዱን ከመድኃኒቱ ጋር ከትቼ ክዳኑን ገጠምኩ። በዚያ ዓይነት፣ ጆንያው እያለ፣ እናቴን ሣልስት ድረስ ማቆየት እንደሚቻል ያኔ ገባኝ።

ሁለተኛውን ይዤ ገባሁና የሞቀውን ከአክስቴ ልጅ ግንባር አንስቼ ቀየርኩላት። ያ የቀዘቀዘ እጄ ጉንጯን ሲነካ እጄን ያዘችው፤ አልለቀቀችውም። ያን ጊዜ አክስቴን በስሟ ጠራኋት። አንዴ ከወጣ በኋላ ማቆም አቃተኝ፤ ፍራሹ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን ጮኽኩ። ማንም ተይ አላለኝም።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

«አሁን ገና መጣሽ» አለችኝ።