ሁለት አሮጊት በአንድ መታወቂያ

ጫኖ ውስጥ ሰው ሲታመም ቃሬዛው ይወሰዳል እንጂ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። የእድሩ ነዋ። ድንኳኑም ትልቁ ብረት ድስትም እንደዛው ነው፣ የቸገረው ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ፋንታዬ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በዚህ ነው።

የጤና መድን የሚባለው ነገር በሁለት ሺህ ዘጠኝ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲመጣም፣ ያስረዳው ልጅ ሌላ ነገር አላለም። እንደ እድር ማለት ነው አለ። ሁላችሁም ታዋጣላችሁ፣ የታመመው ይታከምበታል። ፋንታዬ ገባት። ያኔ የስኳር በሽታ ይዟት አንድ እግሯ መደንዘዝ ጀምሮ ነበር። ተመዘገበች፣ ፎቶዋ የተለጠፈበት መታወቂያ ተሰጣት፣ በሱ መርፌዋን ከጤና ጣቢያ ትወስድ ጀመር። የጫኖ ሙቀት መድኃኒት ስለሚያበላሽ ብልቃጡን አልጋዋ ስር አሸዋ በሞላበት ማሰሮ ውስጥ ቀብራ፣ አሸዋው እንዳይደርቅ በየጊዜው ውሃ ትረጭበታለች። ጎረቤቶቿ ማሰሮዋን ሲያዩ፣ ፋንታዬ ሕፃን አላት፣ ገላውን ታጥበዋለች ይሉ ነበር።

ከማንም በላይ የምትስቀው በለጥሽ ነበረች። በለጥሽ አጥር ለአጥር ናት፣ መንገድ ዳር በቆሎ ጠብሳ የምትሸጥ፣ እንደ ፋንታዬ ባሏ የሞተባት። በምዝገባው ሰሞን ሶዶ ልጇ ጋ ስለነበረች መድን ውስጥ አልገባችም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጎኗን ወግቶ ያዛትና መቀመጥ ከለከላት። ፋንታዬ መታወቂያዋን ከፍራሹ ስር አውጥታ ሰጠቻት።

"ፎቶው ያንቺ ነው እኮ" አለች በለጥሽ።

"ፎቶው ሻሽ የጠመጠመች አሮጊት ነው። አንቺስ ምንድነሽ?"

"እኔማ ካንቺ እሻላለሁ።"

"እሱን ሐኪሙ ይንገርሽ፣ ሂጂ።"

ሄደች። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ፎቶውንም ፊቷንም ደህና አድርጎ አላያቸውም፣ አሳለፋት። ችግሩ የመጣው ውስጥ ነው። ነርሷ የፋንታዬን ካርድ አንብባ፣ መርፌ በራስዎ ነው የሚወጉት ወይስ ሰው ይወጋዎታል ብላ ጠየቀቻት። በለጥሽ ደንግጣ እኔ መርፌ ተወግቼ አላውቅም አለች። ነርሷ ፎቶውን አነሳች። በለጥሽ መታወቂያውንም ካርዱንም ጠረጴዛው ላይ ትታ ጎኗን ይዛ ወጣች። ሳትታከም።

ይሄን ለፋንታዬ አልነገረቻትም። እንዴት ትንገራት። የሰው ዕቃ ወስደሽ ባዶ እጅሽን ስትመለሺ ምን ይባላል? መታወቂያውን ለምርመራ እዛው አስቀምጠውታል አለቻት፣ ፋንታዬም አመነች። ብልቃጡ ሊያልቅ ሲል ጤና ጣቢያ ብትሄድ ነው መታወቂያው ወረዳ የመድን ቢሮ መሄዱን የሰማችው። ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ተይዟል አሏት።

ቀበሌ ሄዳ የነጻ ሕክምና ወረቀት ለመነች። የመድን አባል ነሽ፣ አይሰጥሽም አሏት። ነጠቁኝ እኮ ብትል፣ የነጠቀሽን ጠይቂ አሏት።

የወረዳው ቢሮ አርባ ምንጭ ነው። ቅሬታ የምትቀበለው ሐዊ የምትባል፣ በቅርብ የተመረቀች ልጅ ነበረች። ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ነገሩን ቀስ አድርጋ አስረዳቻት። ሰጥተው ከሆነ መታወቂያው ይሰረዛል፣ እስከ ጥር ምዝገባ ድረስ ምንም ማድረግ አይቻልም። ተሰርቆ ከሆነ ግን ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጥዎታል።

"እማማ፣ ተሰርቆብዎት ነው አይደል?" አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

አብሮ የበላን ሰው ያላደረገውን አደረገ ማለት በጋሞ ጎሜ ነው፣ ወንዝ ቢሻገሩ የማይለቅ፣ ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ነውር። ግን ስም አልተጠራም። የፋንታዬ እግርም ደንዝዟል።

"አዎ ልጄ" አለች።

ሐዊ ጻፈች፣ አሻራ አስደረገቻት፣ ሐሙስ ይምጡ ኃላፊው ይፈርማል አለቻት። ፋንታዬ ቤቷ ገብታ አፏን ዘጋች።

አፏን መዝጋቷ ነው ያጠፋት። በለጥሽ፣ ፋንታዬ ወረዳ መሄዷን ሰምታ፣ በኔ ጥፋት ያቺ ሴት ትሙት እንዴ ብላ እንቅልፍ አጣች። ጥፋት የሠራ ሰው ሽማግሌ ይዞ ሄዶ መናዘዝ አለበት፣ ያለዚያ ጎሜው አይነጻም። ስለዚህ ለፋንታዬ ሳትናገር የእድሩን ዳኛ አቶ ዳልጮን አስከትላ ረቡዕ ዕለት ቢሮው ገባች። መታወቂያውን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አዝና ነው የሰጠችኝ፣ የሚቀጣ ካለ እኔን ቅጡ፣ የሷን መልሱላት አለች። አቶ ዳልጮም እውነት ነው ብለው መሰከሩ። በለጥሽ ስትመለስ ጎኗ እንኳ ቀለል ያላት መሰላት።

ሐሙስ ፋንታዬ ስትደርስ ሐዊ ቀና ብላ አላየቻትም። ኃላፊው ይፍሩ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደክሞታል እንጂ።

"እናቴ፣ እርስዎ ተሰረቅሁ ብለዋል። ወይዘሮ በለጥሽ ሰጥታኝ ነው ብለዋል። ተሰርቆ ከሆነ ሴትዮዋን ለፖሊስ አሳልፌ እሰጣለሁ፣ የእርስዎም ወረቀት ይፈረማል ይለኛል ሕጉ። ሰጥተው ከሆነ ይሰረዛል። የትኛው ነው?"

ፋንታዬ በለጥሽን አሰበቻት። ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብላ፣ ጎኗን ይዛ። ወደ ሐዊ ዞር አለች፣ ሐዊ መስኮቱን ታያለች።

"እኔ ነኝ የሰጠኋት" አለች። "እንደ እድር ነው ብላችሁን የለ።"

ይፍሩ መታወቂያው ላይ መስመር አሰመረበት።

ከሰዓት በኋላ ጫኖ ስትደርስ በለጥሽ ደጇ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። የበቆሎ ኩርኩፋ ቀቅላ፣ የሀለኮ ቅጠል በላዩ አድርጋ፣ በሳህን ከድና ይዛለች። ፊቷ በርቷል።

"ሄጄ ነገርኳቸው እኮ፣ ምንም አልደበቅሁም። መለሱልሽ አይደል?"

ፋንታዬ ፊቷን አየችው።

"መለሱልኝ" አለች።

ወደ ውስጥ ገብታ አልጋው ስር ጎንበስ አለች። ብልቃጡን ብድግ አድርጋ ብታየው የቀረው ለነገ ጠዋት እንኳ አይበቃም። መልሳ ቀበረችውና አሸዋው ላይ ውሃ ረጨች። ውጭ የተቀመጠችው በለጥሽ የውሃውን ድምፅ ስትሰማ አዲስ ብልቃጥ የተቀበረ መስሏት ተመስገን አለች፣ ሳህኑንም ከፈተች።