የአብራሪዎቹ የእንቅልፍ ደብተር

የያዙኝ ሩዋንዳ ሰፈር ካለው ቢሮዬ ነው፣ ከምሳ በኋላ። ሦስት ሆነው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው መግባታቸው እስካሁን ይገርመኛል። ስልኬን፣ ኮምፒውተሬንና አንድ ሰማያዊ ደብተር ወሰዱ። ያስገቡኝ ክፍል ከጉርድ ሾላ ብዙም የማይርቅ ግቢ ውስጥ ነበር፤ አራት እርምጃ በሦስት፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የበረኪና ሽታ፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የብረት በሩ ይንቀጠቀጣል።

የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ አብራሪዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን አብራሪ ነኝ ብለው በሬን አላንኳኩም። ዩኒፎርማቸውን አውልቀው፣ መኪናቸውን አንድ ምግብ ቤት በር ላይ አቁመው በእግራቸው ነው የሚመጡት። እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ያመነ ሰው የመብረር ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብሎ ይፈራላ! ለሐኪሙ "ደህና ነኝ"፣ ለሚስቱ "ደክሞኝ ነው"፣ እውነቱን ለእኔ። ስለዚህ ስም አልጽፍም ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው የተኙት ሰዓት ብቻ ነው።

መርማሪው ያንን ደብተር ሲገልጥ ፊቱ በራ። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው።

"አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ተኩል። ምንድን ነው ይሄ?"

"እንቅልፍ ነው።"

"የማን እንቅልፍ?"

"የሰው።"

"ዶክተር፣ አታሹፊ። አብራሪዎችን ሥራ እንዲያቆሙ እያደራጀሽ እንደሆነ ደርሰንበታል። ስማቸውን ስጪንና ቤትሽ ግቢ።"

ዶክተር እንኳ አይደለሁም። ወይ ጉድ! ሁለት ሰዓት ተኩል የተኛ ሰው በየት አቅሙ ነው የሚደራጀው?

በአራተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ልጅ እኔ ያለሁበት አስገቡ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጥፍሯ ገና የተቀባ፣ ልብሷ የተተኮሰ። "የያዙኝ ኢንተርኔት ላይ በጻፍኩት ነገር ነው" አለችኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ መርማሪው የላካት ናት ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዳቦዋን ቆርሳ ስትሰጠኝ ጠግቤያለሁ አልኳት። ርቦኝ ነበር።

ቀትር ላይ ራሷ ጀመረች።

"ባለቤቴ አብራሪ ነው።"

ፊቴን ከግድግዳው አላዞርኩም።

"አይተኛም። ዓመታዊ ምርመራው ሲደርስ መስታወት ፊት ቆሞ 'ደህና እተኛለሁ' ማለት ይለማመዳል። እኔ ያየሁት አይመስለውም።"

ክው አልኩ። ይህን ነገር ከአንድ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ደብተሩ ላይ ሁለት ተኩል ከተጻፈለት አብራሪ። በመጨረሻው በረራ ሊያርፍ ሲል ከመቆጣጠሪያ ማማው የሚናገሩትን እየሰማ ምን እንዳሉት ሳይገባው ቀርቷል፤ ረዳት አብራሪው ባይኖር! ከኋላው ስንት ሰው ተሳፍሮ! እኔ በተያዝኩ ማግስት ቀጠሮ ነበረን፤ ቢሮዬ መጥቶ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ለአለቃው ሊደውልና መብረር አልችልም ሊል ቃል ገብቶልኝ ነበር። "ብቻዬን አልደፍርም" ነበር ያለኝ።

"እርስዎ ጋ መጥቶ ያውቃል?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ። ሚስቱ ከሆነች አንድ ቃሌ ሰውዬውንም ተሳፋሪዎቹንም ያተርፋል። የመርማሪው ከሆነች ደግሞ አዎ ማለት እሱን በእጄ አስሮ ማስረከብ ነው። የመስታወቱን ነገርስ ከማን ሰማችው? እሱንም ይዘው አስለፍልፈውት ቢሆንስ?

"አብራሪ አላውቅም" አልኳት።

ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች። እንባም ሥልጠና አለው ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንዲያ እያሰብኩም ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ።

"ስሚ፣ አንቺ ልጅ። ያንቺን ባል አላውቅም። ግን ማንም አብራሪ እንቅልፍ ካጣ፣ ከመጠየቁ በፊት ራሱ ደውሎ 'ለመብረር ብቁ አይደለሁም' ይበል። ምክንያት አይደርድር። ሲደውል ደግሞ ብቻውን አይሁን፤ አንድ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።"

"ካባረሩትስ?"

"በሕይወት እያለ ይባረር።"

አፍንጫዋን ጠርጋ 'ለመብረር ብቁ አይደለሁም' የሚለውን ለራሷ ደጋገመችው። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ፖሊስ በሩን ከፍታ "ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ" አለቻት። በአንድ ቀን የሚፈታ ማን አለ? በቃ፣ የላኳት ናት አልኩ። የተናገርኩትን ቃል በቃል እያስታወስኩ ስም ወጥቶኝ እንደሆነ ስፈትሽ አደርኩ።

በማግስቱ መርማሪው ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ከፊቴ አስቀመጠ። "ስም ጻፊ።" የራሴን ስም እስከ አያቴ ጻፍኩለት፤ ጽሑፌን አሳምሬ። እስክሪብቶውን ከድኜ መለስኩ። ብዙ ጮኸ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ፤ ደብተሩን አልመለሱልኝም።

አሁን ሲኤምሲ ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች አማክራለሁ። ባለፈው ወር ጉርድ ሾላ ከታክሲ ስወርድ አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ልጅቷ ናት፤ ከስታለች።

"ደወለ" አለችኝ ሰላምታም ሳታስቀድም። "አጠገቡ ቁጭ ብዬ ደወለ። ለጊዜው አይበርም፣ አዲሶቹን ያስተምራል። ይተኛል፣ እማማ! አንዳንዴም ያንኮራፋል።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

"ሊያመሰግንዎት ይፈልጋል። ስልክዎን ይስጡኝ" አለች።

ነገርኳት። ስልኳ ላይ ጻፈችው፣ ሳመችኝ፣ ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባች።

የስልኬን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ቀይሬ እንደነገርኳት የገባኝ መንገድ ከተሻገርኩ በኋላ ነው። አስቤበት አይደለም፤ አፌ ራሱ ነው የቀየረው። ሮጬ ስመለስ ታክሲው የለም። የባሏን ስም መደበቄ አይቆጨኝም፣ ዛሬም ቢይዙኝ አልናገርም። የተሳሳተ ቁጥር እንድሰጣት ግን ማንም አላስገደደኝም። እዚያው መንገድ ዳር፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ።