በማኅተም የታገዱት ገጾች

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ የሚኖረው ልጄ ዘንድ ሄጄ፣ ላፕቶፑ ግሎ ማቀዝቀዣ ፋኑ ሲጮህ "በቃ አርጅቷል፣ ሌላ መግዛት ነው" ሲል ሰማሁት። ይህን አባባል እስከ ዛሬ አልወደውም። "መጀመሪያ ምን እንዳስጨነቀው እየው!" ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ደነገጠ። እኔ የተናደድኩት በሌላ ሰው ነበር።

በሃያ አራት ዓመቴ ሰበታ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ክረምት ነበር። ከአለም ገና ተሳፍሬ መጥቼ፣ ከአስፋልቱ ዳር የበቆሎ ጥብስ ገዝቼ፣ እሱን እየበላሁ በጭቃው እየዳከርኩ ነበር ቢሮ የምደርሰው።

የኮሌጁ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት የሚያገኘው በአንድ ሰርቨር በኩል ነበር። ፕሮክሲ እንለዋለን፤ አንዴ የተከፈተን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ሰው ከራሱ ያቀብላል። በዚያ ክረምት ግን የፕሮሰሰሩ ጭነት መቶ በመቶ ላይ ወጥቶ አልወርድ አለ፤ ገጽ መክፈትም አቃተው። ዲኑ ኦቦ ቶሎሳ ስብሰባ ላይ፣ "ይቺ ልጅ ነካክታ አበላሽታዋለች። አዲስ ማሽን ይገዛ፤ እሷም እስከ ዓርብ ካላስተካከለች ንብረት ክፍል ትሂድ" አሉ። ንብረት ክፍል ማለት ወንበር መቁጠር ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩት ለዚያ አልነበረም።

ዲስኩን አየሁ፣ ሥራ ፈት ነው። ሜሞሪውም ይተርፋል። ተጠቃሚው ካምናው አልበዛም። የቀረኝ የታገዱ ገጾች ዝርዝር ነበር፤ ከፈትኩት፣ ብወርድ ብወርድ አያልቅም። በኮሌጃችን አንድ ኃላፊ አንድ ድረ ገጽ ካልወደደ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይልካል፣ ባለሙያው ያስገባል። "እገዳው ይነሳ" የሚል ደብዳቤ የጻፈ ግን አንድም ሰው የለም። ይባስ ብሎ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የገጹን ስም በቀጥታ በመመዝገብ ፋንታ "ይህ ቃል የትም ቦታ ካለ አግድ" እያለ ነው የጻፈው። ስለዚህ ሰርቨሩ ለምትከፈተው ለእያንዳንዷ ፎቶ እንኳ ያን ሁሉ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ይውላል።

ዓርብ ኦቦ ቶሎሳ መጡ። ዓይናቸው እያየ ዝርዝሩን ባዶ አደረግሁት። መቶው ወርዶ ስድስት ሆነ። ከጎን ካለው ክፍል ተማሪዎች "ከፈተ! ከፈተ!" እያሉ ሲጮሁ ተሰማ።

"ጎበዝ" አሉ ዲኑ፣ ደስ ሳይላቸው። "አሁን መልሺው። ማኅተም ያረፈባቸው ናቸው።"

"አልመልስም።"

"ማል ጄቴ? ምን አልሽ?"

"አልመልስም አልኩ፣ ኦቦ ቶሎሳ። የሚታገድ ካለ እንደ አዲስ ይጻፉልኝ፣ ስሙን አንድ በአንድ አስገባለሁ። ይሄን ግን ሌላ ሰው ይመልሰው።"

ሰኞ "ትእዛዝ ባለመቀበል" ተብሎ ንብረት ክፍል ተዛወርኩ። ማሽኑ ግን አልተገዛም። እኔን የተካው ልጅም ሰርቨሩ ተመልሶ እንዳይታነቅ ፈርቶ ዝርዝሩን ለመመለስ አልደፈረም። ስምንት ወር ወንበር ስቆጥር አንድም ኃላፊ አዲስ የእገዳ ደብዳቤ አልጻፈም፤ ምን አሳግዶ እንደነበር የሚያስታውስ አልነበረም።

ይህን ስነግረው ልጄ፣ "እማ፣ መልሰሽው ቢሆን እኮ ቦታሽን አታጪም ነበር" አለኝ። ልክ ነው። ቦታዬ ላይ ተቀምጬ፣ ያላበላሸሁትን በገዛ እጄ አበላሽ ነበር። ዛሬም አልመልሰውም።