በአሰልጣኙ ላይ የተናገርኩ ቀን

ልጄ ኮሎምበስ ውስጥ በሚማርበት ሃይስኩል የፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ ነበር። ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው፣ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ነው። እኔ ያደግሁት በእግር በሚመታው ኳስ ስለሆነ፣ ስለዚህኛው የማውቀው ትንሽ ነበር። ቢሆንም ሪከንባከር በሚባለው ሰፈር ከምሠራበት መጋዘን ሺፍቴን እያስቀየርኩ አርብ አርብ ላየው እሄዳለሁ።

በዚያ ዓመት ቡድኑ ሲሸነፍ ከረመ። የመጨረሻው ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር፣ ነጥብ የሚያገኙበት መስመር አፍ ላይ ደርሰው ሳለ፣ ልጄ ወረወረ፤ የተጋጣሚ ተጫዋች ቀለበው። በዚያው አለቀ።

አጠገቤ የተቀመጠው የሌላ ተጫዋች አባት "አሰልጣኙ እዚህ ደርሶ፣ ይዞ መሮጥ ሲቻል፣ ወርውር ብሎ ያዛል? ሰውየው አይረባም" አለ። እኔም አመንኩት። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ፣ ያዘነው በአሰልጣኙ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወላጆች አሰልጣኙ እንዲነሱ ፊርማ አሰባሰቡ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሲሰበሰብ "የኳርተርባኩ አባት ቢናገር ይሰሙታል" አሉኝ። ሚስቴ "ሳታጣራ በሰው እንጀራ አትግባ" ብትለኝም አልሰማኋትም። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሜ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "ልጄ የታዘዘውን ነው ያደረገው። እኚህ ሰው ለልጆቻችን ግድ የላቸውም" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አሰልጣኙ ከባለቤታቸው ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። አንድ ቃል አልመለሱም። የገና በዓል ሳይደርስ ከሥራ ተሰናበቱ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ከእኛ ጋር ማዕድ መቅረብ ተወ። አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ መኪናውን በራችን ላይ ፓርክ አድርጌ "ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"ኮች ኳሱን ይዛችሁ ሩጡ ነው ያለው" አለኝ በእንግሊዝኛ። "ወደ ውርወራ የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"መች ጠየቅከኝ? ኮች ደግሞ ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል።"

በማግስቱ ሚነርቫ ፓርክ ወዳለው የአሰልጣኙ ቤት ሄድኩ። ጋራዥ ውስጥ ዕቃቸውን በካርቶን ያሽጉ ነበር። ልጄ የነገረኝን ነገርኳቸው፤ ለቦርዱ ደብዳቤ እንደምጽፍም።

"ቦታው ሰው ተቀጥሮበታል" አሉኝ። "ሌሎቹንም ጨዋታዎች የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቢያባርሩኝ አልከፋም። ለልጆቹ ግድ የለውም ያሉትን ግን ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ሰምታዋለች።"

ይቅርታ ጠይቄ እጄን ዘረጋሁ። ካርቶን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ነበር፤ አላስቀመጡትም።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን የሚል አጭር መልስ መጣልኝ። በቀጣዩ ዓመት ልጄ የመጫወቻ ልብሱን መለሰ። አዲሱ አሰልጣኝ ቤት ድረስ መጥቶ ቢለምነው፣ አልፈልግም ከማለት ሌላ ምንም አልወጣውም። ቸርች ውስጥ ሰዎች ለምን እንዳቆመ ሲጠይቁኝ "ትምህርቱ ላይ እንዲያተኩር ብለን ነው" እላቸው ነበር። ይህን ስል ልጄ ብዙ ጊዜ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል።