በሩ ላይ የሚቆመው ጥላ

የአውቶቡስ ተራ ሰዎች ያወጡለት ስም «አያርፌ» ነው። መሪ ከጨበጠ ጀምሮ ዓይኑ ካንዱ መስታወት ወደ ሌላው ሲዘል ይውላል፤ ከመሪው ሲወርድም አመሉ አብሮት ይወርዳል። መስኮቱ ተዘግቷል? ምድጃው ጠፍቷል? ጡረታ የወጣች አስተማሪ የሆነችው ሚስቱ «ያንተ ልብ ፍሬን የለውም» ትለዋለች።

እንዲህ ያለው ሰው የጎረቤቱ ቤት በጠራራ ፀሐይ በሌባ መሰበሩን ሲሰማ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ውሎ ሳያድር ካሜራ ገዝቶ ገጣሚ ጠራ፤ ግጥም የምትጽፈዋን ሳይሆን ካሜራ የምትገጥመዋን።

ገጣሚዋ መሰላሏን በትከሻዋ ተሸክማ መጣችና ካሜራውን ከቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ ፍርግርጉ የግቢ በር አድርጋ አሰረችው።

«ጋሼ፣ በሩ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከሰው ጀርባ ስለምትሆን ፊት ይጠቁራል። ማስተካከያው ስልክዎ ውስጥ አለ፤ ግን ሁሉንም ባንዴ እንዳይነካኩ» አለችው።

አያርፌን «አትንካ» ማለት ለድመት ወተት አሳይቶ ሂጂ እንደ ማለት ነው። ገና መሰላሏ ከግቢው ሳይወጣ ጀመረው። ብርሃኑን ከፍ ቢያደርገው ሰማዩ ወተት ሆኖ በሩን ዋጠው። ንፅፅሩን ቢጨምረው ዛፉም አጥሩም ከሰል መሰሉ። ቀለሙን ሲያደምቀው ደግሞ በሩ ጋ እንድትቆምለት የለመናት ሚስቱ ፊቷ እንደ ብርቱካን በራ።

«ማናት ይቺ የጉበት በሽተኛ?» አለች ስልኩን አይታ።

«አንቺ ነሽ እንጂ!»

«ከዚህስ ሌባው ይሻለኛል» ብላ እየሳቀች ገባች።

ካሜራው ርካሽ ስለነበር ቪዲዮ አያስቀምጥም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ አንድ ፎቶ ወደ ስልኩ ይልካል፣ ያም በጩኸት። ዛፉ ሲወዛወዝ ጢጥ፣ ድመት ስታልፍ ጢጥ፣ ላስቲክ ሲንከባለል ጢጥ። አያርፌ እየነዳ ስልክ መንካት ስለማይችል፣ ኪሱ ውስጥ ፍም የያዘ ይመስል ሲቁነጠነጥ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ይደርሳል። ሲከፍተው ድመት! ለገጣሚዋ ደውሎ ሲነጫነጭባት «በትንሽ በትልቁ እንዳይጮህ እንቅስቃሴ የሚያይበትን መጠን ይቀንሱት» አለችው። ቀነሰው። ድመቷም ላስቲኩም ተዉት፤ ሰው ብቻ ቀረ፣ ያውም በሩን ከፍቶ ቶሎ የሚያልፈው ሳይሆን ቆም የሚለው።

ያኔ ነው ጥላው ብቅ ያለው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ሲከፍት ከፍርግርጉ ውጭ ሰው ቆሟል። ከጀርባው ፀሐይ፣ ፊቱ ጥቁር። ካሜራው ከላይ ሆኖ ስለሚያይ ሰውን ሁሉ ድንክ ያደርጋል፤ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ቀጥሎ በመጣው ፎቶ ላይም ያ ሰው እዚያው ነው። አያንኳኳም፣ አይሄድም፣ ቤቱን ትክ ብሎ ያያል። በማግስቱ ማንም አልነበረም። ሰንብቶ ደግሞ እዚያው ቦታ ተገተረ።

ማታ ሚስቱን ጠየቃት። «ዛሬ በር ላይ ሰው አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ወጥተሽ ነበር እንዴ?»

«የት እወጣለሁ? ቤቴ ነው የዋልኩት» አለች፣ ፊቷን ከዕቃ ማጠቢያው ሳታነሣ።

ሌባ ከመስረቁ በፊት ቤት ያጠናል ሲባል ሰምቷል። ለእሷ እንዳይነግራት ትፈራለች፤ ዝም እንዳይል እሱ አልቻለም። ፌርማታ እያለፈ፣ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ!» ብሎ ሲጮህ ነው የሚባንነው። ተቆጣጣሪው፣ አብሮት የሸበተ ሰው፣ «አያርፌ፣ ወይ ስልክህን ወይ መሪህን ምረጥ» አለው።

በዕረፍቱ ቀን እንደገና ለገጣሚዋ ደወለ።

«ጋሼ፣ ብርሃን መጨመሩን ይተዉት» አለች። «የጀርባ ብርሃን ማስተካከያ የሚል አለ፤ እሱን ይክፈቱ። ንፅፅሩን ዝቅ ያድርጉ። ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ! የሚፈልጉት ሰማይ ነው ፊት?»

«ፊት ነው፣ ልጄ።»

እንዳለችው አደረገና በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ስልኩ ላይ የራሱ የተኮሳተረ ፊት፣ ያልተላጨው ጢሙ ሳይቀር ቁልጭ አለ። «አሁን ገና አገኘሁህ!» አለ፣ ሌባውን አንቆ የያዘ ያህል።

ጥላው በተመለሰ ቀን አያርፌ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነበር። ፎቶውን ከፈተ። ሚስቱ ናት። ባንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው ቁልፍ ይዛለች።

መጀመሪያ ሳቁ መጣ። «ወይኔ ሰውዬው! የገዛ ሚስቴን!» ከዚያ ሁለተኛውን ፎቶ ከፈተ፤ እዚያው ናት። ሦስተኛውም እንደዚያው። ቁልፉን ይዛለች፣ በሩ ፊት ለፊቷ ነው፣ አትከፍተውም። የሰው ቤት እንደምታፈላልግ እንግዳ ነው የምታየው። ሳቁ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

«ሰው ተካልኝ» አለው ተቆጣጣሪውን። ሰውዬው ፊቱን አየና የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበለው።

ሲደርስ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«መጣህ?» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በሩን ቀየርከው እንዴ?»

«አልቀየርኩትም።»

እጇ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አየች። «እንግዲያው እኔ ነኛ።»

አጠገቧ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከርሟል። ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ይመለስልኛል።»

«ምኑ?»

«ቤታችን መሆኑ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ላንተ? ዝናብ ይዘንባል ሲባል ጣሪያው ፈረሰ ብለህ ለምትነሣው? ደግሞ ስወጣ የሚሆነውን ቤት ገብቼ ልረሳው እፈልግ ነበር።»

ፎቶዎቹን አሳያት፤ ጥቁሮቹንም የዛሬዎቹንም። «እኔን ነው እንደ ሌባ ስታድን የከረምከው?» ብላ ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር። እሱ ግን አልሳቀም፤ እጇን ያዘ።

ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ሐኪሟ ከብዙ ምርመራ በኋላ የማስታወስ ችግር መጀመሩን፣ በጊዜ መምጣታቸው ጥሩ መሆኑን፣ ማዳን ባይቻልም በመድኃኒት ማዘግየት እንደሚሞከር ነገረቻቸው። አያርፌ የጥያቄ መዓት አወረደባት። ሚስቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ዳቦዬን ራሴ እገዛለሁ?»

«ይግዙ፤ ግን ብቻዎን አይውጡ።»

የጠዋት ፈረቃ ብቻ እንዲሰጠው ለመነ፤ ተቆጣጣሪው ሰጠው። አሁን ከሰዓት በኋላ አብረው ይወጣሉ። ሲመለሱ አንዳንድ ቀን እሷ በሩ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። እሱም ይቆማል። «ይኸውልሽ ቤትሽ» አይላትም፤ ራሷ እንድታገኘው እንደምትወድ ነግራዋለች።

«አታጣድፈኝ» ትለዋለች።

«መች አጣደፍኩሽ? ቃል ወጣኝ?»

«እግርህ ያጣድፋል።»

ያኔ ነው መሬቱን ሲደበድብ የነበረውን እግሩን የሚያየው።